በሰርጌ አልጋ ውስጥ የነበሩት

ቁንጫና ቅማል አውቃለሁ። ጥሊሊ አጠገብ፣ ብርድ በማይጠፋበት የገብስ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ከሁለቱ ጋር ሳይተዋወቅ ጥርስ አያወጣም። ቁንጫ ስትነክስ አታፍርም፤ ትዘላለች፣ ትታያለች፣ ትረገማለች፣ ታመልጣለች። ቅማልም ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ልብስ ገልብጠው የሚፈልጉት ነገር ነው። ትኋን የሚባለውን ግን በስም ብቻ ነበር የማውቀው፣ እሱም በስድብ። እናቴ ቤት ውስጥ በአገውኛ ስታወራ ቆይታ፣ መሳደብ ሲያሰኛት ወደ አማርኛ ትዞርና «ትኋን!» ትል ነበር፤ ደም መጣጭ ማለቷ ነው። ምን እንደሚመስል ጠይቄያት አላውቅም። እሷም አይታው የምታውቅ አይመስለኝም።

ያገባሁት በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ እንጅባራን ሁላችንም ቆሰበር በምንልበት ጊዜ ነው። ባሌ የወረዳው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከጣቱ ቀለም የማይለቅ ሰው። አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። አማቴ ከደብረ ማርቆስ በኩል መጥተው ቆሰበር የሰፈሩ የከተማ ሴት ነበሩ፤ አገውኛ አንድ ቃል አይሰሙም። በንጽሕና ግን የሚስተካከላቸው አልነበረም። የቀርቀሃ አጥራቸው ሥር የወደቀ ቅጠል ሳይነሣ አያድርም። እንግዳ መጥቶ ሲሄድ የተቀመጠበትን ያራግፋሉ። እኔን ሊያጩ ሽማግሌ በላኩ ጊዜ ጎረቤት «የባላገር ልጅ ምን ታደርግልሻለች?» ብትላቸው «እኔ አስተምራታለሁ» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። እውነትም አስተማሩኝ።

ለሰርጋችን ከጥሎሹ ጋር አልጋ ጨመሩልኝ። ዳንግላ ውስጥ አገር ሊለቅ ዕቃውን ከሚሸጥ ነጋዴ ነው የገዙት። የዋንዛ እንጨት ነው፤ ራስጌው ላይ መስቀል ተቀርጾበታል፤ መኝታው በጠፍር የተወጠረ ነው። በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና፣ በእህል ጆንያ ላይ ታስሮ ቆሰበር ሲገባ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ያየው ነበር አሉ። እኔ መደብ ላይ ቁርበት አንጥፈው ከሚተኙ ሰዎች የመጣሁ ነኝ። መጀመሪያ ቀን ስወጣበት እወድቃለሁ ብዬ ግድግዳውን ይዤ ነበር። አማቴ ራሳቸው ሳሎኑ ውስጥ መደብ ላይ ይተኛሉ፤ አልጋው ለእኛ፣ ለውስጠኛው ክፍል ብቻ የተገዛ ነበር።

ሰውነቴ ያበጠው ገና ጫጉላው ሳይወጣ ነው። ጠዋት ስነሣ ክንዴና አንገቴ ላይ ቀይ ቀይ እባጭ፣ እንደ መርፌ ስፌት ተርታውን ተሰልፎ አገኘሁ። ያሳክካል ማለት አይበቃም፤ ያቃጥላል። ቁንጫ ነው ብዬ አንሶላውን ገለበጥሁ። ቁንጫ የለም። ብቻ እዚህም እዚያም ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። ባሌን ጠየቅሁት፤ ያን ጊዜ «እርስዎ» ነበር የምለው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ጣቶቹን ዘርግቶ አየ። «ቀለም ይሆናል፤ ከእጄ ነው» አለ፣ እያፈረ።

አመንሁት። አንሶላውን አጠብሁት። በሳምንቱ እንደገና ነጠብጣብ፤ እንደገና አጠብሁት። ሰውየው በእንቅልፉ የሚጽፍ ይመስል ነበር። ክፍሉ ውስጥም አንድ ሽታ ነበር፤ የተወቀጠ ድንብላል የሚመስል፣ ግን የከረመ ድንብላል። አማቴ ቅመማቸውን ግድግዳው ማዶ ስለሚያስቀምጡ ከዚያ የሚመጣ ነው ብዬ ተውሁት።

እባጩ ባሰብኝ። ስለማከው ይቆስላል፤ ሲቆስል ውኃ ይቋጥራል። እጄን በነጠላ ሸፍኜ ነበር ገበያ የምወጣው። ክሊኒክ ሄጄ ቁስል አጣቢው ድሬሰር አየኝና «እከክ ነው» ብሎ በብልቃጥ ቢጫ ቅባት ሰጠኝ። ተቀባሁት፤ ገማሁ እንጂ አልዳንሁም። የሚገርመው ባሌ ነበር። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ አንድ ጋቢ ለብሰን፣ እሱ ላይ አንዲት ነጥብ አይወጣም። ሸሚዙን አውልቆ ጀርባውን አሳየን። ቆዳው እንደ ሕፃን ነው።

ያኔ ነው የጎረቤት አፍ የተከፈተው። «ባሏን ሳይነካ እሷን ብቻ? ይኼ ዓይነ ጥላ ነው። ከባሏ ሊለያት የመጣ ነው።» አማቴ መጀመሪያ ተቆጡ። ተባይ ነው የተባለ መስሏቸው አልጋውን በቀን ብርሃን ገፈፉት፤ ፍራሹን ውጭ አውጥተው ደበደቡት፤ ጠፍሩን በእጃቸው ዳሰሱት። ምንም የለም። ወገባቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙና «እዚህ ቤት ተባይ ካለ እኔን ይብላኝ!» አሉ። ቤቱ ውስጥ ተባይ እንደሌለ ከተረጋገጠ የቀረው እኔው ውስጥ ያለ ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያዩኝ ዓይናቸው ውስጥ ፍርሃት አለ። አንድ ደብተራ አስጠርተው ክታብ አስጻፉልኝ፤ በቀይ ቆዳ ተሰፍቶ ከአልጋው ራስጌ ላይ ተንጠለጠለ።

ባሌ ደግሞ በራሱ ጊዜ ሌላ ሐሳብ መጣለት። «ምናልባት ሰበቡ እኔ እሆናለሁ» አለና ቁርበቱን ይዞ ሳሎን፣ እናቱ እግር ሥር መተኛት ጀመረ። በእሱ መውጣት የሚቀንስ መስሎን ነበር። ባሰ! ጠዋት መስታወት ሳይ አንድ ዓይኔ አብጦ ተደፍኗል። ጮኼ ወጣሁ። አማቴ ማማተብ ጀመሩ። ባሌ ዓይኔን አይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምን እንደታሰበ ማንም ባይነግረኝም ገባኝ፤ እሱ ሲርቅ የባሰብኝ ነገሩ የራሴ ስለሆነ ነው ብለዋል።

እናቴ ከጥሊሊ መጥታ ጠበል ወሰደችኝ። ወንዝ ዳር፣ ከብዙ ሕመምተኛ ጋር፣ ሣር በተነጠፈበት ጎጆ ውስጥ ከረምን። በየማለዳው በረዶ በሚመስል ውኃ እጠመቃለሁ። ብዙም ሳይቆይ ማሳከኩ ጠፋ፤ ቁስሉ ደረቀ፤ ፊቴ ተመለሰ። እናቴ እልል አለች። ካህኑም ደስ አላቸው። እኔ ግን የደስታዬን ያህል ግራ ገባኝ፤ ምክንያቱም አጠገቤ የምትተኛ ሴት በቁንጫ ተበልታ ስታድር እኔን ቁንጫው እንኳን የተወኝ መሰለኝ። ጸጋ አገኘሁ ብዬ ወደ ቆሰበር ተመለስሁ።

አማቴ በር ላይ ተቀብለው ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙኝ። አልጋው በአዲስ አቡጀዲ ተነጥፏል። ባሌም ከሳሎን ወደ አልጋው ተመለሰ። በማግሥቱ ጠዋት አንገቴን ስዳብስ ያ የመርፌ ስፌት ተርታውን ተሰልፎ አገኘሁት።

በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ደንግጬ አላውቅም። እንዳላሳይ ነጠላዬን ጠመጠምሁ። ግን ባሌ አይቶታል። ልብሱን እየለበሰ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ እንደ ፍርድ ቤት ሰው ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ጠበል ላይ ዳንሽ። እዚህ ስትገቢ ታመምሽ። እንግዲህ የሚያሳምምሽ ወይ እኔ ነኝ፣ ወይ ቤቴ ነው።»

«እና?»

«እናማ መለያየት ይሻላል። ላንቺው ብዬ ነው።»

«አንተ!» አልሁት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «አንተ ለእኔ ብለህ ነው ወይስ ጎረቤት ያለህን ሰምተህ?»

የሸሚዙን ቁልፍ ቆልፎ ወጣ። ሳሎን ውስጥ አማቴ ሲተነፍሱ ይሰማል። ያላሉት ነገር አልነበረም ለካ፤ እኔ በሌለሁበት ሁሉ ነገር አልቆ ነበር።

ሽማግሌ የተቀመጠው ፀሐይ በደንብ በወጣችበት ቀን ነው፤ ጥቅምት አልፎ ሰማዩ ጥርት ብሏል። አባቴና ታላቅ ወንድሜ በፈረስ መጡ፤ ዕቃ የሚጫንበት በቅሎም ስበው መጥተዋል። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እኔና አማቴ በር ላይ ነን፣ ተራርቀን።

«ልጄ ጤነኛ ሆና ነው ከቤቴ የወጣችው» አለ አባቴ።

«እኔም ልጄን ጤነኛ አድርጌ ነው ያሳደግሁት» አሉ አማቴ።

«እንዳላበላኋት፣ እንደመታኋት አድርጋችሁ አትዩኝ» አለ ባሌ።

ዋናው ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «እንግዲህ ጥፋተኛ የለም» አሉ። «የአምላክ ፈቃድ ካልሆነ ምን ይደረጋል? በሰላም ይለያዩ። የእሷ የሆነውን እሷ ትውሰድ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። «አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ?»

«ምን እንደሆንሁ ሳላውቅ ወዴት ነው የምሄደው?» አልሁ። «እሺ ልሂድ። እዚያም ቢያወጣብኝስ? አባቴ ደግሞ ወዴት ይላከኝ?»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ወንድሜ ግን ቁጡ ነው፤ ተነሣና ወደ ቤት ገባ። «አልጋው ጥሎሿ ነው፤ እንወስደዋለን!» አለ። አማቴ አፋቸውን ከፍተው ሊናገሩ ሲሉ ሽማግሌው በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። ወንድሜና አንድ የሰፈር ሰው አልጋውን ገልብጠው ከበሩ አወጡና ፀሐይ ላይ፣ ከሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጡት። ክታቡ ገና ራስጌው ላይ ይወዛወዛል። ሙሉውን በበቅሎ መጫን ስለማይቻል መፍታት ነበረበት። ወንድሜ ምሳር ተውሶ በጀርባው የአልጋውን እግር መጋጠሚያ መታው። አልወጣም። ደገመው። እንጨቱ ተንቋቋና እግሩ ከቀዳዳው ተነቅሎ ወደቀ።

መጀመሪያ አፈር የፈሰሰ መሰለኝ። ቀይ አፈር። ከዚያ አፈሩ መራመድ ጀመረ።

«ምስር ነው እንዴ?» አለ ወንድሜ። እንደዚያ ብሎ ነው የጠየቀው፤ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ምስር ይመስላል፤ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ አንዳንዱ ግን አብጦ እንደ ጠጅ ቀይ የሆነ። ከቀዳዳው፣ ከጠፍሩ ሥር፣ ከመስቀሉ ቅርጽ ውስጥ ሳይቀር እየተገፋፋ ይወጣል። ትልቁ፣ ትንሹ፣ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ ነጭ ዕንቁላሉ እንጨቱ ላይ እንደ ዱቄት ተለጥፎ። ፀሐይዋ ስታገኘው ጥላ ፍለጋ ተበተነ፤ ቅርብ የነበረው ጥላ ደግሞ የሽማግሌዎቹ ነበር። ወደ እግራቸው መጣ። ያ ሁሉ የተከበረ ሰው ጋቢውን ሰብስቦ አግዳሚው ላይ ዘለለ።

አማቴ አልጮኹም። አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡና ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ «ትኋን» አሉ፣ በሹክሹክታ። ሁለተኛም «ትኋን» አሉ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት።

ወንድሜ አንዱን ያበጠ በአውራ ጣቱ ድንጋይ ላይ ጨፈለቀው። ደም ፈሰሰ፤ ያችን ለምታክል ነገር የማይገባ ብዙ ደም። ድንጋዩ ላይ ሲደርቅ ቆሜ አየሁት። ደሙ የእኔ ነው። ስንት ወር ሙሉ ያሳከከኝ፣ ያቆሰለኝ፣ ስሜን ያጠፋው፣ ከባሌ ሊለየኝ የነበረው ዓይነ ጥላ ይኼ ምስር ነው። ማልቀስ ወይም መሳቅ ይጠበቅብኝ ነበር መሰለኝ፤ እኔ ግን አጥሩ ሥር ሄጄ አስመለሰኝ።

ስመለስ አማቴ ክታቡን ከራስጌው አውርደው ይዘዋል። የቆዳው ስፌት አብጧል። በጥፍራቸው ስፌቱን ፈልቀቅ ሲያደርጉት ከውስጡ ወጣ፣ አንድ ቤተሰብ ሙሉ። ክታቡ ከእጃቸው ወደቀ። ሴትየዋን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በዚያ መልክ አላየኋቸውም፤ ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

አባቴ ወደ ክታቡ ጎንበስ አለ። «ስለዚህ» አለ፣ «ልጄን ለትኋን ነበር የዳርኋት?» አንድ ሽማግሌ ሊስቅ ብሎ በሳል አሳለፈው። ዋናው ሽማግሌ ከአግዳሚው ሳይወርዱ «ፍርዱ ይቁም» አሉ። «የተናገርሁትን አንሥቻለሁ። ልጅቱ ወደ ቤቷ ትግባ።»

ቀላል ነገር ይመስላል፣ ወደ ቤት መግባት። ባሌ ክንዱን አጥፎ እዚያው ቆሞ ነበር። «እኔንስ ለምን አይበላኝም?» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለአየሩ። ነገሩን አምኖ መቀበል አቅቶታል። ሁለታችንም በአፋችን ያወጣነውን የምንሰበስብበት አላገኘንም።

አልጋውን አማቴ በገዛ እጃቸው ፈልጠው ግቢው ውስጥ አቃጠሉት። እስከዚያ የወሬውን ጭስ ብቻ ያየው የቆሰበር ሰው ያን ቀን የእንጨቱን ጭስ አየ። ጠፍሩ ሲቃጠል የተነሣው ሽታ ያ ድንብላል ነበር፣ እጥፍ ድርብ ሆኖ። የቅመማቸውን ዕቃ በከንቱ ያማሁት ያኔ ትዝ አለኝ።

አልቋል ብለን ፍራሹን መሬት ላይ ዘርግተን ተኛን። ጥቂት ሰላም ሆነ፤ ከዚያ ያው። ለካ አልጋው መናገሻቸው ነው እንጂ ቤታቸው ቤቱ ሁሉ ሆኗል። የጭቃው ግድግዳ የተሰነጠቀበት፣ የበሩ ማጠፊያ፣ የሥዕለ ማርያም ጀርባ፣ የምስማር ቀዳዳ፤ ወረቀት የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ትኋን ይገባበታል። ያልበላ ትኋን ከገለባ የማይወፍር መሆኑን ያኔ ነው የተረዳሁት። አማቴ በቀን ሲፈልጉ ያላገኙት ዓይናቸው ደክሞ አይደለም፤ ሲነጋ ወደ ስንጥቁ ገብቶ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ስለሚውል ነው።

አንድ ንጋት ላይ፣ ብርሃን በመስኮቱ ስንጥቅ ሲገባ፣ ባሌ ክንድ ላይ አንዱን አየሁ። ጠፍጣፋ ሆኖ ቆሟል፤ አፉን ቆዳው ውስጥ ተክሏል። ልገድለው እጄን አነሣሁና ተውሁት። ዓይኔ እያየ ቀስ በቀስ አበጠ፣ ቀላ፣ ረዘመ። ባሌን በሌላ እጄ ነካሁት።

«እንዳትንቀሳቀስ። ክንድህን እይ።»

ዓይኑን ገልጦ አየ። ትኋኑ ጠግቦ፣ ያችን ሆዱን እየጎተተ በአንሶላው ላይ ሄደ፤ ሲሄድም ጥቁር ነጠብጣብ ጣለ። ባሌ ነጠብጣቡን በጣቱ ዳበሰው። «ቀለም» አለ። ከዚያ ክንዱን እስከ ረፋድ ጠበቅነው፤ ምንም አላበጠም፣ ምንም አልቀላም። ለካ እሱንም እንደ እኔው ሲበላው ኖሯል፤ ቆዳው አይናገርም እንጂ። የእኔ ቆዳ የተናገረውን ሁላችንም የእኔ በሽታ አደረግነው። ባሌ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ አለ። «ልሰድድሽ ነበር» አለ። «በዚህ ነገር ልሰድድሽ ነበር።» ያን ቀን ቢሮ አርፍዶ ገባ።

አማቴ ግን ንዴታቸው ሌላ መንገድ ሄደ። አልጋውን የሸጠላቸውን ሰው ፊት ለፊት ካልተሳደብሁ አሉ። በገበያ ቀን ሁለታችን በጭነት መኪና ተሳፍረን ዳንግላ ሄድን። ነጋዴው ከሄደ ቆይቷል፤ ወደ መተከል ነው አሉ። ቤቱን የተከራየች ሴት እንኳን ስለ አልጋ የምታውቀው የለም። የጎረቤት ባልቴት ግን ከአጥሩ ማዶ ሰማችን።

«ያን የዋንዛውን አልጋ ነው? ባለመስቀሉን?» አለች። «እናንተ ናችሁ የገዛችሁት? እኔ እንኳ ይኼ አልጋ ገደ ቢስ ነው፣ ሰው አይግዛው ብዬ ነበር።»

«ለምን?» አሉ አማቴ።

«የሰውየው ሚስት በሱ ላይ ናታ የታመመችው። ሰውነቷ ሁሉ እየቆሰለ፣ እያበጠ። ባሏ ደኅና ነው፤ እሷ ብቻ። ዓይነ ጥላ ነው ተባለና ወደ ወላጆቿ ሰደዳት። ሌላ ሳያገባ አዝኖ አገር ለቀቀ።»

እኔ ቆሜ ነበር፤ አጥሩን ያዝሁ። አማቴ ለስድብ ያዘጋጁት አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። የመጡበት ቁጣ ከፊታቸው ላይ ተንጠፍጥፎ ሲወርድ አየሁት።

«የት ናት?» አሉ በመጨረሻ። «ሴትዮዋ የት ናት?»

«አይ እንግዲህ፣ ወላጆቿ ከቆላ ናቸው አሉ። ማን ያውቃል?»

«ካገኘሻት» አሉ አማቴ፣ የባልቴቷን እጅ በአጥሩ ቀዳዳ ይዘው፣ «ካገኘሻት ትኋን ነው በያት። ዓይነ ጥላ አይደለም በያት። እግዜር ያሳይሽ፣ እንዳትረሺ።»

ባልቴቷ «ትኋን?» አለች፣ ያልገባት ሆና። አማቴ ደግመው ነገሯት፤ ሦስተኛም ነገሯት። በጭነት መኪና ወደ ቆሰበር ተመለስን። ስንወርድ መቀነቴን ያዙኝና፣ «አንቺም እንደሷ ልትሆኚ ነበር» አሉኝ። ይቅርታ ማለታቸው ነበር፤ ሌላ ቃል አላወጡም፣ እኔም አልጠበቅሁም።

ከዚያ በኋላ የጠላቴን ጠባይ ማጥናት ጀመርሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ አንዱን ይዤ ከክሊኒኩ በተረፈኝ ባዶ ብልቃጥ ውስጥ ጨመርሁት፤ አፉን በቀጭን ጨርቅ አሰርሁት። ሲርበው ይሞታል ብዬ ነበር። አልሞተም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አለፉ፤ ደብረ ዘይት ደረሰ፤ ሰውነቱ ሣሣ እንጂ ይንቀሳቀሳል። ብልቃጡን በመዳፌ ሳሞቀው ይነቃል፤ የትንፋሼን ሙቀት ተከትሎ ወደ ጨርቁ ሊወጣ ይፍጨረጨራል። አማቴ ከትከሻዬ በላይ ሆነው ያዩና «ከእኛ ይበልጥ ጿሚ» ይላሉ፤ ቀልድ አይደለም፣ ፈርተው ነው። ቤት ለቅቀን ብንወጣ እንኳ ጠብቆ የሚቆይ ፍጥረት መሆኑን ያ ብልቃጥ ነገረን።

ብልቃጡ ሌላም ነገር አሳየኝ። ትኋኑ በመስታወቱ ላይ መውጣት አይችልም። ይሞክራል፤ ያንሸራትተዋል፤ ይወድቃል። ጭቃ ላይ እንደ ፈረስ የሚሮጠው፣ ብልቃጥ ውስጥ እግሩን እንደማያውቅ ሕፃን ይሆናል። ይኼን ለባሌ ባሳየሁት ጊዜ ብዙ አሰበና አንድ ቀን አራት የሻይ ብርጭቆ ይዞ መጣ። አዲስ ያሠራነውን ተራ አልጋ ከግድግዳው አራቅነው፤ እግሮቹን ብርጭቆዎቹ ውስጥ አቆምናቸው፤ በብርጭቆው ውስጥ ትንሽ ላምባ ጨመርን። ልብስ መሬት እንዳይነካ ወደ ላይ ሰበሰብን። ጠዋት ላምባው ውስጥ የሰመጡ አገኘን። ግድግዳውን ደግሞ ስንጥቁን ሁሉ በፈላ ውኃ አቃጥለን በጭቃና በእበት እንደ አዲስ መረግነው፤ ያን ሥራ አማቴ ለማንም አላስነኩም። አንድ ቀን ሳይሆን ለብዙ ጊዜ ነው የሠራነው። በመጨረሻ ላምባው ውስጥ የሚሰምጥ ጠፋ።

የብልቃጡ ትኋን ፋሲካ ጠዋት በሕይወት ነበር። ጾሙን ፈትተን ስንነሣ አማቴ ብልቃጡን ወስደው ድንጋዩ ላይ አፈሰሱትና ረገጡት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ደም የለውም። ደረቅ ገለባ ብቻ ነው።

ትዳራችን ቀጠለ። ወዲያው ጣፈጠ አልልም፤ ብዙ ጊዜ፣ በተለይ ሲከፋኝ፣ «ላንቺው ብዬ ነው» ያለበት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። እሱም ያውቃል። ከእሱ ልጆች ወለድሁ፤ እሱን እስከ ቀበርሁ ድረስ አብረን ኖርን።

አማቴ ደግሞ የሰፈሩ ሰው የሚሸሻቸው ሴት ሆኑ። ቆሰበር ውስጥ አንዲት ሙሽራ ሰውነቷ ቆሰለ፣ ዓይነ ጥላ ተጠጋት ሲባል ከሰሙ፣ ማንም ሳይጠራቸው የጆንያ መስፊያ ወስፌያቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሰላምታ የለም፣ ቁጭ በሉ ሲባሉ አይቀመጡም። «መኝታዋ የት ነው?» ብለው ይገባሉ። የአልጋውን መጋጠሚያ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የተንጠለጠለ ክታብ ካለ ስፌቱን በወስፌው ይነቀንቃሉ። ባለቤቶቹ ይቀየማሉ፤ ንጹሕ ቤታችንን አዋረዱን ይላሉ። አንዳንዴ ምስር የሚመስለው ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሙሽሪትን እጇን ይዘው ጎትተው ያሳዩዋታል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይገኝም፤ ልጅቱ እውነትም ሌላ ነገር አሟታል። እንደዚያ ሲሆን ወስፌውን በቀሚሳቸው ይጠርጉና ልጅቱ አጠገብ ቁጭ ብለው ጥቂት ይቆያሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ቤት ይመለሳሉ።